ቁጥሩ የማን ነው?

«የጨጓራ በሽታ»፣ «የኩላሊት በሽታ»፣ «የጉበት በሽታ» ስንል ስሙ የሚነግረን የታመመውን ቦታ ነው። የስኳር በሽታ ግን የተሰየመው በጣዕም ነው። መቼስ ጣዕም ካለ ቀማሽ መኖሩ አይቀርም። ታዲያ ይህንን በሽታ ማን ቀመሰው?

መልሱ ምሳ ላይ ላለ ሰው የሚነገር አይደለም። የቀመሱት ሐኪሞች ናቸው፤ የቀመሱትም ሽንት ነው። የጥንት ሕንድ ሐኪሞች ሽንቱ ጉንዳን የሚስብ በሽተኛ መኖሩን አስተውለው በሽታውን «የማር ሽንት» ብለውታል። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ቶማስ ዊሊስ የተባለ ሐኪም በ17ኛው ክፍለ ዘመን የበሽተኞቹ ሽንት እንደ ማር የሚጣፍጥ መሆኑን ጻፈ። ከዚያ በ1776 (የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ማቲው ዶብሰን የተባለው የሊቨርፑል ሐኪም ሽንቱን በእሳት አትንኖ፣ የቀረውን ደቃቅ ነገር አሽትቶና ቀምሶ ስኳር መሆኑን አረጋገጠ። ስኳሩ በሽንት ብቻ ሳይሆን በደምም ውስጥ እንዳለ ያሳየው እሱ ነው።

የዛሬው ጨዋታችን ከዚህ ምላስ ይነሣና በየቤታችን ቁም ሣጥን ውስጥ እስከተቀመጠችው የስኳር መለኪያ ማሽን ድረስ ይሄዳል። እግረ መንገዳችንን የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ የስኳሩን መጠን የሚያውቀው ማነው? ለረጅም ዘመን ሐኪሙ ነበር። ቁጥሩ ወደ በሽተኛው እጅ እንዴት ገባ? ከገባስ ወዲህ ምን እያደረግንበት ነው?

* * *

በድሮው ዘመን ማወቅ ብቻውን አያድንም ነበር። ሐኪሙ ቀምሶ «ይጣፍጣል» ካለ በኋላ የሚሰጠው መድኃኒት አልነበረውም። በተለይ በልጅነት የሚይዘው ዓይነት ስኳር ያገኘው ልጅ ውሃ ውሃ እያለ፣ ከቀን ወደ ቀን እየከሳ፣ ብዙም ሳይቆይ ያልፍ ነበር። ነገሩ የተለወጠው በካናዳዋ ቶሮንቶ ከተማ ነው። ፍሬድሪክ ባንቲንግ፣ ቻርልስ ቤስት፣ ጆን ማክላውድና ጄምስ ኮሊፕ ከእንስሳት ቆሽት ኢንሱሊን አወጡ። በጃንዋሪ 1922 ሊዮናርድ ቶምሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ ኢንሱሊን ተወጋና ከሞት አፋፍ ተመለሰ።

ኢንሱሊን ግን ሲመጣ የራሱን ጣጣ ይዞ መጣ። ሲያንስ ስኳሩ ይወጣል፤ ሲበዛ ይወርዳል። ስኳሩ የወረደበት ሰው ያልበዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ነገር ይምታታበታል፣ ሲብስም ራሱን ስቶ ይወድቃል። እንግዲህ ስኳሩን ሳያውቁ ኢንሱሊን መውጋት ወጡን ሳይቀምሱ ጨው እንደ መጨመር ሆነ። ጨው ቢበዛ የሚበላሸው ወጡ ነው፤ እዚህ የሚበላሸው ሰውየው ነው። ስለዚህ መቅመስ፣ ማለትም መለካት፣ የየዕለት ሥራ መሆን ነበረበት። በየዕለቱ ሐኪም ቤት መመላለስ ደግሞ ለሀብታም አገር ሰው እንኳ የሚሆን አይደለም።

መጀመሪያ ወደ ቤት የገባው የሽንት ምርመራ ነው። ቤኔዲክት በተባለ አሜሪካዊ ስም የሚጠራ ሰማያዊ ፈሳሽ ነበር። ጥቂት የሽንት ጠብታ ጨምረው ያፈሉታል፤ ስኳር ከሌለ ሰማያዊ እንደሆነ ይቀራል፤ ካለ እንደ ብዛቱ ወደ አረንጓዴ፣ ወደ ቢጫ፣ ወደ ሸክላ ቀለም ይለወጣል። በ1941 አሜስ የተባለው ኩባንያ ፈሳሹን በእንክብል ተካው፤ እንክብሉ ራሱ ስለሚግል እሳት አያስፈልገውም። በ1956 ደግሞ ሽንት ውስጥ ነክረው የሚያወጡት ቀጭን ወረቀት መጣ። ከዚያ በኋላ በሽተኛው በገዛ ቤቱ፣ በገዛ እጁ መለካት ቻለ ተባለ።

ቻለ እንዴ? ሰፈራችሁ ውሃ በፈረቃ የሚመጣ ከሆነ ምሳሌው አይከብዳችሁም። ሌሊት ውሃ መጥቶ በርሜሉ መሙላቱን የምታውቁት ፈስሶ ወለሉን ሲያርሰው ነው። በርሜሉ ግማሽ ይሁን፣ ባዶ ይሁን፣ ሊሞላ አንድ ጣት ይቅረው፣ ደረቁ ወለል አይነግራችሁም። ኩላሊትም እንዲሁ ነው። በአብዛኛው ሰው በደም ውስጥ ያለው ስኳር በዴሲሊትር 180 ሚሊግራም ገደማ እስኪያልፍ ድረስ ኩላሊት ስኳሩን ይዞ ያስቀረዋል፤ ከዚያ ሲያልፍ ነው ወደ ሽንት የሚለቀው። የሽንቱ ወረቀት «ደህና ነህ» ሲል ሰውየው ደህና ሊሆን ይችላል፤ ስኳሩ ወርዶ ሊወድቅ አሥር ደቂቃ የቀረውም ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ ሽንት የሚያወራው ያለፉትን ሰዓታት ነው። አሁን ስንት ነው ብሎ ለሚጠይቅ መልስ የለውም።

አሁንን የሚያውቀው ደም ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ ዴክስትሮስቲክስ የተባለ ወረቀት ወጣ። የደም ጠብታ ያሳርፉበታል፣ አንድ ደቂቃ ይቆያሉ፣ ደሙን በውሃ ያጥባሉ፣ ከዚያ የቀረውን ሰማያዊ ቀለም ዕቃው ላይ ከታተሙት ቀለሞች ጋር ያስተያያሉ። የአንዱ ዓይን ለሌላው ስለማይመሰክር ያው ኩባንያ ቀለሙን በብርሃን አንብቦ ቁጥር የሚናገር ማሽን ሠራ። ማሽኑ የተሠራው ግን ለሐኪም ነው። ለበሽተኛው ያሰበ አልነበረም።

* * *

ይኸውላችሁ፣ እዚህ ላይ ነው ሪቻርድ በርንስታይን የተባለ አሜሪካዊ የሚገባው። ሰውየው ያኔ ሐኪም አልነበረም፤ መሐንዲስ ነበር። ስኳር የያዘው በ1946፣ በ12 ዓመቱ ነው። ሠላሳዎቹን ሲያጋምስ የበሽታው መዘዝ ኩላሊቱን ጨምሮ አካሉን መጉዳት ጀምሯል። ሐኪሞቹ ያዘዙትን ሁሉ ይፈጽማል፤ ለውጥ የለም። በ1969 ታዲያ የላቦራቶሪ ዕቃ የሚያስተዋውቅ መጽሔት ሲያገላብጥ የዚያን ማሽን ማስታወቂያ አየ። ማሽኑ የታሰበው ለሆስፒታሎች ድንገተኛ ክፍል ነው። ሌሊት፣ ላቦራቶሪው ተዘግቶ ሳለ ራሱን ስቶ የመጣው ሰው ሰክሮ ነው ወይስ ስኳር ጥሎት ነው የሚለውን ለመለየት።

ይህች የስካር ነገር በእኛም ሰፈር የምትታወቅ ናት። መንገድ ዳር የሚንገዳገድ፣ ላቡ የሚንጠፈጠፍ፣ ምላሱ የተሳሰረ ሰው ስናይ «በጠዋቱ!» ብለን ተሳልቀን እናልፋለን። ስኳሩ ወርዶበት ይሆናል ብሎ የሚጠረጥር ጥቂት ነው።

ወደ መሐንዲሱ እንመለስ። የማሽኑ ዋጋ 650 ዶላር ነው፤ ክብደቱም አንድ ኪሎ ተኩል ሊሞላ ትንሽ የቀረው። ገንዘቡስ ይሁን፤ ነገር ግን ሻጩ ለሐኪምና ለሆስፒታል እንጂ ለበሽተኛ አልሸጥም አለ። እናላችሁ፣ ደሙ የእሱ፣ በሽታው የእሱ፣ ገንዘቡ የእሱ፤ ቁጥሩን ማየት ግን ለእሱ አልተፈቀደም። ደግነቱ ሚስቱ ሐኪም ነበረች። በእሷ ስም ታዘዘና ማሽኑ ቤት ገባ። በጓሮ በር ገባ ማለት ይቻላል።

በርንስታይን በቀን አምስት ጊዜ ያህል ይለካ ጀመር። ያየው ነገር አስደነገጠው፤ ስኳሩ በአንዲት ቀን ከ40 በታች ወርዶ ከ400 በላይ ይወጣል። መሐንዲስ አይደል? የሚለካ ነገር ይስተካከላል ብሎ ተነሣ። የኢንሱሊኑን አወሳሰድና ምግቡን ከቁጥሩ ጋር እያገናዘበ ቀስ በቀስ ለወጠ፤ በዓመታት ውስጥም ስኳሩ ረጋ፣ ጤናው ተመለሰ። ይህንኑ ጽፎ ለሕክምና መጽሔቶች ቢልክ የሚቀበለው አጣ። «ሐኪም ካልሆንኩ ሐኪም አይሰማኝም» ያለ ይመስላል፤ በ1979፣ በ45 ዓመቱ ሕክምና ትምህርት ቤት ገባና በ1983 ተመረቀ። ያረፈው በ2025 ነው፤ በ90 ዓመቱ። ለራሱ ያበጀው የአመጋገብ መንገድ ዛሬም ሐኪሞችን ያከራክራል። በሽተኛ በቤቱ ደሙን ይለካ ወይስ አይለካ የሚለው ክርክር ግን አብቅቷል።

ያበቃው በአንድ ሰው ትግል ብቻ አይደለም። በ1978 በእንግሊዝ አገር፣ አንዱ ለንደን ሌላው ኖቲንግሃም ያሉ ሁለት የሐኪሞች ቡድኖች ለሕሙማን የደም መለኪያ ሰጥተው ወደ ቤት ሰደዷቸው። ሕሙማኑ ጣታቸውን ለመውጋት አልፈሩም፤ ስኳራቸውንም ከቀድሞው አሻሻሉ። ከዚያ ትልቁ ማስረጃ መጣ። ከ1983 እስከ 1993 በአሜሪካና በካናዳ ዓይነት 1 ስኳር ያለባቸው 1,441 ሰዎች በሁለት ተከፍለው ተጠኑ። አንዱ ወገን በተለመደው ሕክምና ቆየ፤ ሌላው በቀን ቢያንስ አራት ጊዜ እየለካ ኢንሱሊኑን በዚያው ልክ አስተካከለ። ውጤቱ ሲገለጥ በሁለተኛው ወገን የዓይን ጉዳት በ76 በመቶ፣ የነርቭ ጉዳት በ60 በመቶ፣ የኩላሊት ጉዳት በግማሽ ያህል ቀንሶ ተገኘ። ዋጋም አስከፍሏል፤ ስኳር በኃይል የሚወርድባቸው ጊዜያት በሦስት እጥፍ ገደማ በዙ። አጥብቆ የሚቆጣጠር ሰው አጥብቆ መለካት አለበት ማለት ነው።

በዚህ መሐል ማሽኑ አነሰ። በ1987 ደሙን በቀለም ሳይሆን በኤሌክትሪክ የምታነብ፣ እስክሪብቶ የምታህል መለኪያ ገበያ ወጣች። ዛሬ ክንድ ላይ ተለጥፎ ቀንም ሌሊትም የሚለካ አለ። ግማሽ ምዕተ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ፣ ለበሽተኛ አይሸጥም የተባለው ዕቃ ከአሜሪካ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ከሽቶና ከጫማ ጋር ተጠቅልሎ የሚገባ ስጦታ ሆነ።

* * *

አሁን ቁጥሩ እጃችን ላይ ነው። ታዲያ ምን አደረግንበት?

አክስቴ ስኳር ካለባት ብዙ ዓመት ሆኗታል። ልጇ ከለንደን ማሽን ላከላት። የመጀመሪያ ቀን ስትለካ «11» አለ። ደስታዋ ልክ አልነበረውም። «እልልል! ሁለት መቶ የነበረው አሥራ አንድ ገባ!» ጎረቤት ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ አላት። ነገሩ ወዲህ ነው፤ እንግሊዞች የሚለኩት በሚሊሞል ነው፤ እኛ ዘንድ ላቦራቶሪው የሚጽፍልን በአብዛኛው በሚሊግራም ነው። የእንግሊዙን በ18 ብታባዙት የእኛ ይመጣል። አሥራ አንድ ሲባዛ በ18፣ 198! ያው ሁለት መቶ።

ይህስ በማስረዳት ተስተካከለ። ያልተስተካከለው ደብተሯ ነው። ሐኪሟ ውጤቱን እየጻፈች እንድታመጣ ነግሯታል። ለቀጠሮ ሁለት ቀን ሲቀረው ደብተሩን አውጥታ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ቁጭታ የወሩን ትሞላዋለች፤ 118፣ 124፣ 120። የማሽኑ ትዝታ ውስጥ ያለው ግን ሌላ ነው። «አክስቴ፣ ይህቺ እኮ 240 ናት የምትለው» ብላት፣ «ታዲያ ዶክተሩ ፊት ልዋረድ? ሲያዩኝ ደስ ይበላቸው እንጂ» አለችኝ።

የእኛ ሰው ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1984 በወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ተመራማሪዎች ለሕሙማን መለኪያ ሰጡ፤ ማሽኑ ውጤቱን በሆዱ እንደሚይዝ ግን አልነገሯቸውም። በኋላ ደብተሩና ማሽኑ ሲነጻጸሩ የብዙዎቹ አልገጠመም። ያልለኩትን የጻፉ አሉ፤ ከፍ ያለውን ዝቅ አድርገው የጻፉ አሉ። አሜሪካዊውም ለዶክተሩ ደስ እንዲለው ይፈልጋል!

ለምን ይዋሻል? «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለን የምንተርት ሰዎች እኮ ነን። የሚመስለኝ ቁጥሩን እንደ ፈተና ውጤት ስላደረግነው ነው። አክስቴ ጣቷን ስትወጋ ቤተሰቡ ይሰበሰባል። ቁጥሩ ከፍ ካለ ችሎት ይቆማል። «ለቅሶ ቤት ለስላሳ ጠጥተሽ ነው!» «ትናንት ድፎ ዳቦውን ማን ቆረሰው?» አንዳንዴ እውነት ነው። ግን ስኳር የሚወጣው በአፍ በገባ ብቻ አይደለም። ትኩሳትና ቁስለት ያወጣዋል፤ ጭንቀት ያወጣዋል፤ አንዳንድ መድኃኒት ያወጣዋል፤ ንጋት ላይ ደግሞ ጉበት ራሱ ያከማቸውን ስኳር ወደ ደም ይለቃል። ምንም ያልበላች ሴት በባዶ ሆዷ 190 ስታይ «በላሽ» ከተባለች፣ በማግስቱ ማሽኑን ቁም ሣጥን ውስጥ ትቆልፍበታለች። ብዙ ማሽን እንዲህ ነው የሚሞተው። የቀረውን ደግሞ የስትሪፕ ዋጋ ይገድለዋል።

* * *

እንግዲህ ቤቱ አዲስ ማሽን ለገባ ሰው ጥቂት ነገር ልበል። ልኩንና ጊዜውን የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ እኔ የምለው በማንኛውም ጤና ጣቢያ የሚነገረውን ነው።

ከመግዛታችሁ ወይም «ላኩልኝ» ከማለታችሁ በፊት የማሽኑ ስትሪፕ እዚህ መገኘቱን አጣሩ። የአንዱ ማሽን ስትሪፕ ለሌላው አይሆንም፤ ማሽኑ አንዴ ነው የሚገዛው፣ ስትሪፑ ዕድሜ ልክ ነው። በምን እንደሚለካ እዩ፤ በሚሊግራም ነው በሚሊሞል? የስትሪፑ ጊዜ አለማለፉን ተመልከቱ፤ ዕቃውንም ወዲያው ክደኑት፣ እርጥበት ያበላሸዋል።

እጃችሁን በሳሙናና በውሃ ታጠቡና በደንብ አድርቁ። ብርቱካን የላጠ ጣት የራሱን ስኳር ይጨምርበታል፤ ሰው በብርቱካኑ ምክንያት ያለ በሽታው ይደነግጣል። የጣቱን ጫፍ መሐል ሳይሆን ጎኑን ውጉ፣ ሕመሙ ይቀንሳል፤ ጣትም እየለዋወጣችሁ። መውጊያውን ከማንም ጋር አትጋሩ። በየቤቱ ቡና ላይ «እስቲ እኔንም ለኪኝ» እየተባለ አንዲት መርፌ ስትዞር አያለሁ። በደም የሚተላለፍ በሽታ ዘመድ አይመርጥም።

መቼ ይለካ? ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው በቀን ብዙ ጊዜ መለካት ሊኖርበት ይችላል። ዓይነት 2 ያለበትና ኪኒን ብቻ የሚወስድ ሰው ግን በየቀኑ ጣቱን መውጋቱ ብዙም ጥቅም እንደማይጨምርለት ጥናቶች አሳይተዋል። ስለዚህ ስትሪፕ ውድ በሆነበት አገር ሐኪማችሁን «ለእኔ ስንት ጊዜ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥቂት ስትሪፕ ያለው ሰው ደግሞ ጥንድ አድርጎ ይለካ፤ ምግብ ከመብላቱ በፊትና ከበላ ከሁለት ሰዓት በኋላ። ብቻዋን የቆመች ቁጥር ብዙ አታወራም፤ ጥንዷ ግን ያ ምግብ ምን እንዳደረገ ትናገራለች። ለብዙ አዋቂዎች የሚመከረው ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ከ180 በታች ነው፤ ለሽማግሌ፣ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን ልኩ ይለያል። 142 እና 150 ብላችሁም አትጨቃጨቁ፤ ደህናው ማሽን ራሱ ከላቦራቶሪው እስከ 15 በመቶ ሊለያይ ይችላል።

ከ70 በታች ከሆነ ወሬ የለም። ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ መጠጣት፣ 15 ደቂቃ ቆይቶ እንደገና መለካት ነው። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አይጨመርም፤ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ብቻ። ኢንሱሊን እየወሰዱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ፣ ረመዳንን የሚጾሙ፣ ጾሙ ሳይገባ ከሐኪማቸው ይነጋገሩ። ያለ ሐኪም ምክር በአንድ ቀን ቁጥር ተነሥቶ መድኃኒት መቀነስና መጨመርም አደጋ ነው።

ከሁሉ በላይ ጻፉት። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ከምግብ በፊት ይሁን በኋላ፣ ያን ቀን የተለየ ነገር ከነበረ እሱንም። 240 ከሆነ 240 ተብሎ ይጻፍ። ሐኪሙ መድኃኒቱን የሚያስተካክለው በዚያች 240 ነው። 124 ብሎ ያነበበ ሐኪም «በርቺ፣ በያዝሽው ቀጥዪ» ብሎ ይሸኛታል፤ የዓይኗና የኩላሊቷ ነገር ግን የሚሄደው በማሽኑ ቁጥር ነው። ሐኪሞችም ቢሆኑ ከፍ ያለ ቁጥር ይዞ የመጣውን ሰው ከመቆጣታቸው በፊት እውነቱን ስላመጣ ቢያመሰግኑት፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ እውነተኛ ደብተር ያገኛሉ።

ቁጥሩ ከሐኪሙ ምላስ ተነሥቶ ባለቤቱ ጣት ላይ እስኪደርስ ድረስ ዘመናት ፈጅቶበታል። ከጣት እስከ ደብተር ያለው መንገድ ስንዝር አይሞላም፤ እሱን የሚያረዝመው የእኛ የቤተሰቦች አንደበት ነው። ነገ ጠዋት ቤታችሁ ውስጥ ስኳር ያለበት ሰው ጣቱን ሲወጋ፣ «ስንት ሆነ?» ብላችሁ ከማፍጠጣችሁ በፊት እስክሪብቶውን አቀብሉት።